ምልክት ሲዋሽ

ስለ አማርኛ ፊደልና ስለ ኮምፒዩተር በየመድረኩ ብዙ ተብሏል፤ በየመጽሔቱም ብዙ ተጽፏል። ሞክሼ ፊደላት ይውጡ ወይስ ይቆዩ፣ የቁልፍ ገበታው አደራደር በማን ይወሰን የሚለው ክርክር ሲነሣና ሲወድቅ ኖሯል። በዚያ ሁሉ መካከል ግን አንድ ነገር ሲነሣ ሰምቼ አላውቅም፤ የሒሳብ ምልክት። የማባዣው፣ የርቢው፣ የዳግም ዘሩ ምልክት ከአንዱ ኮምፒዩተር ወደ ሌላው፣ ከአንዱ ስልክ ወደ ሌላው ሲሻገር በመንገድ ላይ ምን ያገኘዋል? በጋዜጠኝነት ዲፕሎማ የያዘ ሰው ስለ ሒሳብ ምን አግብቶት ይጽፋል የሚል አንባቢ ቢኖር አልፈርድበትም። ይሁንና ነገሩ የፊደል ጉዳይ ነው። የፊደል ጉዳይ ደግሞ በጽሑፍ እንጀራውን የሚበላን ሰው ሁሉ ይመለከታል። ከዚያም አልፎ የልጆች ጉዳይ ነው። ይህን የተረዳሁት አዲስ አበባ ላይ ሳይሆን ሽንዲ ላይ ነው።

ሽንዲን ለማያውቅ አንባቢ፦ ዓባይን ተሻግሮ ደብረ ማርቆስን፣ ደምበጫንና ፍኖተ ሰላምን አልፎ ቡሬ የደረሰ መንገደኛ፣ ከዋናው የባሕር ዳር መንገድ ተነጥሎ ሲታጠፍ የሚያገኛት የወንበርማ ወረዳ ከተማ ናት። ዙሪያዋ በቆሎና በርበሬ ነው። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ትምህርት ቤቶች በመላው ሀገሪቱ ሲዘጉ ዘመድ ልጠይቅ እዚያው ነበርኩ። ብዙም ሳይቆይ መንገዱም ተዘጋና ካሰብኩት በላይ ሰነበትኩ።

የእህቴ ልጅ የዚያን ዓመት ስምንተኛ ክፍል ነበረች። በገጠሩ ጎጃም ስምንተኛ ክፍል ለአንዲት ልጅ ምን ማለት እንደሆነ መዘርዘር አያስፈልግም። ካለፈች ዘጠነኛ ትገባለች፤ ከወደቀች ግን ቤት ውስጥ ሌላ ወሬ ይጀመራል፤ ወሬውን የሚያመጡት ሽማግሌዎች ናቸው። ስለዚህ ትምህርት ቤቱ ቢዘጋም ልጅቱ ከመጻሕፍቷ አልተለየችም። ከከተማ አንድ የማስጠኛ ድርጅት የሒሳብ መለማመጃ ጥያቄዎችን በኢንተርኔት ገጽ ላይ አውጥቶ ኖሯል። ያንን አንድ ሰው ገልብጦ በቴሌግራም ይለቀዋል፤ ከቡድን ወደ ቡድን ሲዞር ከርሞ እናቷ ስልክ ላይ ደረሰ። ጥያቄዎቹ በእንግሊዝኛ ናቸው፤ በክልሉ ሒሳብና ሳይንስ ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ በእንግሊዝኛ ይሰጥ ነበርና።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እርሳሷን ይዛ ተክዛ አገኘኋት። ወረቀቱ በላጲስ ብዛት ሊቀደድ ደርሷል።

«ምን ሆነሽ ነው?» አልኳት።

«ጋሼ፣ መልሱ ከምርጫው ውስጥ የለም። ሦስት ጊዜ ሠራሁት።»

ስልኩን ተቀብዬ አየሁት። ጥያቄው 25 × 23 ስንት ነው ይላል። ከሥሩ አራት ምርጫዎች አሉ፦ 28፣ 215፣ 48 እና 415። ልጅቱ አባዝታ 575 አግኝታለች። 25 በ23 ሲባዛ 575 ነው፤ ከዚህ ሌላ መልስ የለውም። እሷ ግን እንዲህ አላለችም። «እኔ ነኝ የማልችለው፤ ሒሳብ ለእኔ አይሆንም» ነው ያለችኝ።

የጎረቤት ልጅ የተሻለ ስልክ ነበረው። የገጹን አድራሻ ፈልገን በእሱ ስልክ ስንከፍተው ጥያቄው ሌላ ሆኖ ተገኘ፦ 2⁵ × 2³። መምህራን ርቢ የሚሏት፣ ከቁጥሩ ትከሻ ላይ ትንሽ ሆና የምትቀመጠው ቁጥር በቅጂው ውስጥ ከትከሻዋ ወርዳ መሬት ላይ ተቀምጣ ኖሯል። ሁለት ርቢ አምስት ሃያ አምስት ሆነ፤ ሁለት ርቢ ሦስት ሃያ ሦስት ሆነ። ከምርጫዎቹም የመጀመሪያው 28 ሳይሆን 2⁸ ነው፤ ትክክለኛው መልስም እሱ ነበር። ልጅቱ ትክክለኛውን ጥያቄ ስታይ መልሱን ለመናገር እርሳስ እንኳ አላነሣችም።

ወደ ታች ስንወርድ ደግሞ ሌላ ገጠመን። በእናቷ ስልክ ላይ ☐16 + ☐9 = ? የሚል ተጽፏል። «በሳጥኖቹ ውስጥ የትኛውን ቁጥር ልጻፍ?» ስትል ጠየቀችኝ። ጥያቄዋ ተገቢ ነው። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ «በሳጥኑ ውስጥ ትክክለኛውን ቁጥር ሙላ» እየተባለች አይደለም ያደገችው? ሳጥኖቹ ግን የሚሞሉ አልነበሩም። የዳግም ዘር ምልክት፣ √፣ የነበረባቸው ቦታዎች ናቸው። ጥያቄው የ16ንና የ9ን ዳግም ዘር ደምሩ ነው የሚለው፤ አራትና ሦስት፣ ሰባት።

ያን ገጽ በሌላ ስልክ በኦፔራ ሚኒ ስንከፍተው ደግሞ ሦስተኛ መልክ ይዞ መጣ። ክፍልፋዮች በነበሩበት ቦታ ወደ ኋላ የተጋደመ ጭረት፣ ቀጥሎ «ፍራክ» የሚል የላቲን ቃል፣ ቀጥሎም ቁጥሮች በጠምዛዛ ቅንፍ ታጥረው ተደርድረዋል። አንድ ጥያቄ፣ ሦስት ስልክ፣ ሦስት ዓይነት ጽሑፍ። የትኛው ልጅ የትኛውን እንደሚያገኝ የሚወስነው የቤተሰቡ ኪስ ነው።

ከዚያ ወዲህ ነገሩ ከአእምሮዬ አልወጣም። ባነበብኩትና ከሚያውቁ ሰዎች በጠየቅሁት መጠን ምክንያቱን ለመረዳት ሞክሬአለሁ። የተረዳሁትንም ከአንባቢ ጋር ልካፈል።

ኮምፒዩተር ፊደል አያውቅም፤ የሚያውቀው ቁጥር ነው። እያንዳንዱ ፊደልና ምልክት ቁጥር ይሰጠዋል፤ የቁጥሩን መልክ በመስኮት ላይ የሚስለው ደግሞ ፎንት የሚባለው የፊደል ቅርጽ ስብስብ ነው። በቀድሞው አሠራር በአንድ ፎንት ውስጥ የነበሩት ቦታዎች 256 ብቻ ነበሩ፤ 256 ወንበር እንበላቸው። ከእነዚህም ብዙዎቹን የላቲን ፊደላት፣ አኃዞችና ሥርዓተ ነጥቦች አስቀድመው ይዘዋቸዋል። እነ × እና እነ ÷ ሳይቀሩ በምዕራብ አውሮፓውያኑ አደራደር 215ኛውንና 247ኛውን ወንበር ይዘው ተቀምጠው ነበር።

አሁን የእኛን ፊደል እንቁጠር። 33ቱ ፊደላት በ7 ሲባዙ 231 ይሆናሉ። እነ ቈ፣ ኈ፣ ኰ እና ጐ ከነቤተሰባቸው 20 ናቸው። የግዕዝ ቁጥሮች ከ፩ እስከ ፼ ሌላ 20 ናቸው። ድምሩ 271 ነው። አራት ነጥብ፣ ነጠላ ሰረዝና ድርብ ሰረዝ፣ እነ ሏና እነ ሟም ገና አልተቆጠሩም። 271 እንግዳ ለ256 ወንበር! ባለሙያዎቻችን ያን ጊዜ ያደረጉት ሌላ ማንም ቢሆን የሚያደርገውን ነው፤ የተቀመጡትን አስነሥተው የራሳቸውን አስቀመጡ፤ የተረፈውንም በሁለተኛና በሦስተኛ ፎንት አሳደሩ። ፓወር ግዕዝ፣ ቪዥዋል ግዕዝና ሌሎችም የየራሳቸው አደራደር ይዘው ወጡ። የቅኔው አገር የዋሸራ ስም ሳይቀር የአንድ አማርኛ መጻፊያ መጠሪያ ሆነ።

በዚያ ዘመን የተጻፈ ጽሑፍ በሌላ ኮምፒዩተር ሲከፈት ምን እንደሚመስል ያየ ሰው አይረሳውም። ፎንቱ ከሌለ ወንበሮቹ ወደ ቀድሞ ባለቤቶቻቸው ይመለሳሉ። የሰው ስም የነበረው የጥያቄ ምልክት፣ የዶላር ምልክትና ባለ ነጥብ የላቲን ፊደል ቅልቅል ይሆናል። ትርጉሙ ያደረው በፎንቱ ላይ እንጂ በቁጥሩ ላይ አልነበረምና።

የሒሳብ ምልክቶችም ይህንኑ በሽታ ታመዋል። «ሲምቦል» የሚባል ፎንት አለ፤ የግሪክ ፊደላትንና የሒሳብ ምልክቶችን በእነዚያው 256 ወንበሮች ላይ ያስቀመጠ ነው። በድረ ገጽ መጀመሪያ ዘመን ሒሳብ መጻፍ የፈለገ ሰው ይህን ፎንት ይጠራ ነበር። «ያንሳል ወይም እኩል ነው» የሚለው ምልክት፣ ≤፣ በሲምቦል ውስጥ 163ኛው ወንበር ላይ ነው። በተለመደው አደራደር ግን 163ኛው ወንበር የእንግሊዝ ፓውንድ ምልክት፣ £፣ ነው። የማይክሮሶፍቱ ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር ጸሐፊው ያሰበውን ሲያሳይ፣ ደንቡን ጠበቅ አድርገው የያዙ ብራውዘሮች «ቁጥሩ የፓውንድ ነው» ብለው ፓውንዱን ያሳዩ ነበር። እንግዲህ አንዱ ተማሪ «ያንሳል ወይም እኩል ነው» ብሎ ሲያነብ፣ ሌላው በሒሳብ ጥያቄ መካከል የእንግሊዝ ገንዘብ ያገኛል ማለት ነው። በሲምቦል የተጻፈ ምልክት ተገልብጦ ወደ ሌላ ቦታ ሲሄድ ዛሬም ብዙ ጊዜ ሳጥን ይሆናል። የሽንዲዎቹ ሳጥኖች ከዚህ ዓይነቱ መንገድ የመጡ ይመስለኛል።

የወንበሩን ችግር የፈታው ዩኒኮድ የተባለው ዓለም አቀፍ አደራደር ነው። አሳቡ ቀላል ነው፤ ለዓለም ፊደልና ምልክት ሁሉ ማንም የማይነጥቀው የራሱ ወንበር ይሰጠው ነው። የሒሳብ ምልክቶቹ በ1991 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያው እትም ሲወጣ ገቡ፤ የእኛ ፊደል ደግሞ በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው በሦስተኛው እትም ገባ። ዛሬ ሀ የትም ዓለም ቢሄድ ቁጥሩ 4608 ነው። √ 8730 ነው። ≤ 8804 ነው። ከ፩ እስከ ፼ ያሉት ቁጥሮቻችን ከ4969 እስከ 4988 ያሉትን 20 ወንበሮች ይዘዋል። ወንበሩ ከተገኘ በኋላ የቀረው ቅርጹ ነበር፤ እሱም ቀስ በቀስ መጣ። ማይክሮሶፍት በዊንዶውስ ቪስታ ኒያላ የተባለውን የኢትዮጵያ ፎንት ጨመረ። ጉግልም ኖቶ የተባለውን የፎንት ቤተሰብ አወጣ። የኖቶን ስም ትርጉም ስሰማ ፈገግ ብያለሁ። ባለሙያዎቹ ያችን ባዶ ሳጥን «ቶፉ» ይሏታል፤ ከአኩሪ አተር የሚሠራው፣ አራት ማዕዘን ሆኖ የሚቆረጠው የእስያ ምግብ ስም ነው። ኖቶ ማለትም «ቶፉ የለም» ማለት ነው።

ሆኖም የሒሳብ ነገር በዚህ አላበቃም። አማርኛን በወንበር ብቻ ማዳን ይቻላል፤ ፊደል ከፊደል ጎን ተሰልፎ ይሄዳልና። ሒሳብ ግን ሰልፍ ብቻ አይደለም። ላዕሉ ከላይ፣ ታሕቱ ከታች ይሆናል፤ ርቢው ትከሻ ላይ ይወጣል፤ የዳግም ዘሩ ጣራ እስከ የት እንደሚደርስ ትርጉም አለው። በሒሳብ ውስጥ የተቀመጡበት ቦታ ራሱ ቃል ነው። 2 እና 5 ጎን ለጎን ሲቀመጡ ሃያ አምስት ናቸው፤ 5ቱ ወደ ትከሻ ሲወጣ ሠላሳ ሁለት ናቸው። ቁጥሮቹ ሳይነኩ ዋጋቸው ተለወጠ።

ይህን ችግር ከልብ የተያያዘው ሰው አሜሪካዊው የኮምፒዩተር ሊቅ ዶናልድ ክኑዝ ነው። በ1977 እ.ኤ.አ. የአንድ መጽሐፉ አዲስ እትም የማረሚያ ገጾች ሲደርሱት የሒሳብ ምልክቶቹ አጻጻፍ አላረካውም። የሚጽፈውን መጽሐፍ ወደ ጎን ብሎ ቴክ የተባለውን የጽሕፈት ሥርዓት መሥራት ያዘ፤ ሥራውም ዓመታት ፈጀ። ያ በሽንዲ ስልክ ላይ ያየነው «ፍራክ» የዚያ ሥርዓት ቋንቋ ነው፤ «ቀጥሎ ያለውን በክፍልፋይ መልክ ጻፍ» የሚል ትእዛዝ ነው። ለዚሁ ሥርዓት በጀርመን ሃምቡርግ ብርሃኑ በየነና ባልደረቦቹ የግዕዝ ፊደል ጥቅል አዘጋጅተውለታል፤ ስለዚህ አማርኛና ሒሳብ በአንድ ገጽ ላይ ተስማምተው መቀመጥ የቻሉት ዛሬ አይደለም። ግን በወረቀት ላይ ነው። በወረቀት ላይ ያለ ምልክት ሽንዲም ደርሶ ያው ነው፤ በስልክ መስታወት ላይ ያለው ግን በደረሰበት ሁሉ እንደገና የሚሳል ነው።

ለድረ ገጽ የሚሆን የሒሳብ ቋንቋ፣ ማትኤምኤል የተባለው፣ በ1998 እ.ኤ.አ. ወጣ። ቢወጣም ብራውዘሮቹ አልተስማሙበትም። ፋየርፎክስ ተቀበለው። ሳፋሪም ቆይቶ በ2011 እ.ኤ.አ. ተቀበለው። ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር በ2022 እ.ኤ.አ. ጡረታ እስኪወጣ ድረስ ያለ ተጨማሪ መሣሪያ አላሳየውም። ክሮም ደግሞ በ2013 እ.ኤ.አ. በአንድ እትም ካስገባው በኋላ በቀጣዩ አወጣው፤ ኢጋሊያ የተባለው የስፔን ድርጅት ባለሙያዎች ባደረጉት ጥረት መልሶ ያስገባው በጥር 2023 እ.ኤ.አ. ነው። ዐሥር ዓመት መሆኑ ነው። እኛ ሽንዲ ላይ ያን ጥያቄ ስናይ 2020 እ.ኤ.አ. ነበር፤ በዓለም ላይ ብዙ ሰው የሚጠቀምበት ብራውዘር የሒሳብን ቋንቋ በራሱ አያውቅም ነበር ማለት ነው። ስለዚህ የድረ ገጽ አዘጋጆች ማትጃክስን በመሰሉ ረዳት ፕሮግራሞች ይጠቀሙ ነበር። ረዳቱ ከኢንተርኔት ወርዶ፣ ስልኩ ውስጥ ገብቶ፣ ትእዛዙን አንብቦ ምልክቱን ይስላል። ኔትወርኩ ደካማ ሲሆን፣ ወይም ብራውዘሩ ገንዘብ ለመቆጠብ ሲል ረዳቱን ሲከለክለው፣ ተማሪው የሚያየው ትእዛዙን እንጂ ሥዕሉን አይደለም። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥስ? ከሩቅ በሚመጣ ረዳት ላይ የተንጠለጠለ ሒሳብ ረዳቱ ሲቀር አብሮ ይቀራል።

አንዳንዱ አንባቢ «ይህ ሁሉ ለአንዲት ትንሽ ምልክት ነውን?» ሊል ይችላል። አዎን፣ ነው። ቋንቋ ይቅር ባይ ነው። «ኢት☐ጵያ» ተብሎ ቢጻፍ የጎደለውን ፊደል አንባቢ ሳያስበው ይሞላዋል። ጋዜጣ በጨው መጠቅለያ ላይ ተቀድዶም ይነበባል። ሒሳብ ግን እንዲህ ያለ ትርፍ የለውም። እያንዳንዱ ምልክት ብቻውን ኀላፊ ነው፤ አንዱ ሲወድቅ ጎረቤቱ አያነሣውም። የባሰው ደግሞ የወደቀው ምልክት እንደወደቀ አለማስታወቁ ነው። 25 × 23 ምንም የጎደለው አይመስልም። ሙሉ ጥያቄ ነው፤ መልስም አለው። ሳጥኑም ቢሆን በአማርኛ ጽሑፍ መካከል ሲገኝ «እዚህ የጠፋ ነገር አለ» ብሎ ይናገራል፤ በሒሳብ መካከል ሲገኝ ግን «ሙላኝ» የሚል ጥያቄ መስሎ ይቀመጣል። የጠፋ ምልክት ያሳስታል፤ ሌላ መስሎ የቀረ ምልክት ግን ይዋሻል።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላል ያገሬ ሰው። ልጅ ግን ማሽን አይጠረጥርም። የታተመ ነገር፣ በመስታወት ላይ ያበራ ነገር፣ ከከተማ የመጣ ነገር ትክክል ነው ብሎ ያምናል። መልሱ አልገጥም ሲል የሚጠረጥረው ራሱን ነው። «እኔ ነኝ የማልችለው» የሚለው ቃል የመጣው ከዚህ ነው። የከተማው ልጅ አስጠኚ አለው፤ «ይሄ እንኳ ርቢ ነው፣ ስልኩ አበላሽቶት ነው» የሚለው ሰው አያጣም። የሽንዲው ልጅ ያለው ስልኩና ራሱ ብቻ ነው።

ከሌላው ይልቅ የሚቆጨኝ ግን ይህ ነው። የጎጃም ልጅ ስድስተኛ ክፍል ድረስ «ደምር፣ ቀንስ» እየተባለ በአማርኛ ይማርና ሰባተኛ ላይ ድንገት በእንግሊዝኛ ይጠየቅ ነበር። በዚያ መሻገሪያ ላይ ያልተለወጠለት አንድ ነገር ምልክቱ ነበር። + በአማርኛም + ነው፤ √ በእንግሊዝኛም √ ነው። የጥያቄው ቃል ባይገባው እንኳ ምልክቱን አይቶ ምን እንደተጠየቀ ሊገምት ይችላል። ያን ድልድይ ነው የሰበርንበት።

የጥንት ሰዎች ለዚህ ዓይነቱ ስሕተት መላ ነበራቸው። በየገዳሙና በየአብነት ትምህርት ቤቱ የሚሰጠውን ባሕረ ሐሳብ እንመልከት፤ በዓላትንና አጽዋማትን ማስላት ማለት ነው። ያችኑ 2012ን እንውሰድ። 5500 ሲጨመርባት ዓመተ ዓለሙ 7512 ይሆናል። ለ19 ሲካፈል 7 ይተርፋል፤ አንድ ሲቀነስለት 6፣ እሱም ወንበር ይባላል። ወንበሩን በ11 ብናባዛ 66፣ በ30 ሲገደፍ 6 ይተርፋል፤ አበቅቴ እሱ ነው። ወንበሩን በ19 ብናባዛ 114፣ በ30 ሲገደፍ 24 ይተርፋል፤ መጥቅዕ እሱ ነው። አሁን አበቅቴንና መጥቅዕን ደምሩ፤ 6 እና 24፣ 30። በየትኛውም ዓመት ድምራቸው 30 ነው። 30 ካልመጣ አንድ ቦታ ስሕተት አለ ማለት ነው፤ ተማሪው ራሱን ከመውቀሱ በፊት ሒሳቡን ይመረምራል። ስሌቱ የራሱን አራሚ በውስጡ ይዞ ይሄዳል።

የግዕዝ ቁጥሮቹም እንዲሁ ናቸው። ፳፻፲፪ ተብሎ ከተጻፈው ላይ ፻ ቢወድቅ የሚቀረው ፳፲፪ ነው፤ እንዲህ የሚባል ቁጥር ደግሞ የለም። ያየው የቆሎ ተማሪ ሁሉ «ጎድሏል» ይላል። እያንዳንዱ ምልክት ዋጋውን በራሱ ላይ ተሸክሞ ስለሚሄድ ከፍ ዝቅ ቢል አይለወጥም። ይህን ስል ወደ ግዕዝ ቁጥር እንመለስ ማለቴ አይደለም። ዜሮ የለውም፤ ክፍልፋይና ርቢ ሊጽፉበት ይቸግራል። ኮምፒዩተሩም እንደ ተራ አኃዝ ስለማይቆጥራቸው ፩ን ከ፪ ደምር ቢሉት ያያቸዋል እንጂ አይደምራቸውም። የምለው ሌላ ነው፤ ስሕተትን የሚያሳብቅ አጻጻፍ እንዳለ አባቶቻችን ያውቁ ነበር፤ እኛ ግን ስሕተትን የሚደብቅ መሣሪያ ይዘን ማንም አራሚ ሳናቆምለት ወደ ልጆች እየላክነው ነው።

እኔ በተማርኩበት ጊዜ ፈተና በስቴንስል ይመታ ነበር። የጽሕፈት መኪናው የዳግም ዘር ምልክት አልነበረውምና ጸሐፊዋ ቦታውን ክፍት ትተዋለች፤ መምህሩ በሹል ብረት ምልክቱን በእጁ ይስለዋል። መስመሩ ይጣመማል፤ ቀለሙም ይፈስሳል። ነገር ግን ያ ምልክት ከማባዣው ከመውጣቱ በፊት ጥያቄውን ያወጣው ሰው እጅና ዓይን አልፎበታል። ዛሬ በጎደለው ቦታ እጁን የሚያኖር ሰው የለም።

ታዲያ ምን ይደረግ? ባለሙያ አይደለሁምና የባለሙያ መፍትሔ አልሰጥም። ተራ ሰው ሊጠይቀው የሚችለውን ግን እጠይቃለሁ። አንደኛ፣ ለልጆች ጥያቄ የሚያዘጋጅ ሁሉ ምልክቱን በዓለም አቀፍ ወንበሩ ይጻፈው፤ ከአንድ ፎንት ጉያ በተዋሰው መልክ አይሁን። ሁለተኛ፣ ጥያቄውን በራሱ ትልቅ ኮምፒዩተር ላይ አይቶ «ደኅና ነው» አይበል፤ በገበያ ላይ ባለው ርካሽ ስልክ፣ በሁለትና በሦስት ብራውዘር፣ ኔትወርክ በሌለበትም ከፍቶ ይየው። ጽሑፉ በቴሌግራም ተገልብጦ ሲለጠፍ ምን እንደሚሆንም ይሞክረው፤ ልጆቹ ዘንድ የሚደርሰው በዚያ መንገድ ነውና። ሦስተኛ፣ ምልክቱን በቃል ይደግፈው። ከ2⁵ አጠገብ «ሁለት በራሱ አምስት ጊዜ የተባዛ» የሚል አንዲት ሐረግ ብትኖር ምልክቱ ቢወድቅ እንኳ ቃሉ ያነሣዋል። ይህ ገንዘብ አይጠይቅም። አበቅቴ መጥቅዕን እንደሚጠብቀው ቃል ምልክትን እንዲጠብቅ ማድረግ ነው።

ለመምህራንና ለወላጆችም የምለው አለ። ልጅ «መልሱ ከምርጫው የለም» ሲል አስቀድሞ ስልኩ ይታይ። ልጁ ሲሳሳት ለማረም እንፈጥናለን፤ የያዘው ጽሑፍ ሊሳሳት እንደሚችል ግን አንነግረውም። መጠርጠርም ትምህርት ነው።

ጉዳዩ የመለማመጃ ጥያቄ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባልተጨነቅሁ። በ2016 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወረቀት ጎን ለጎን በኮምፒዩተርም መሰጠት ጀምሯል። የዘመን ነገር ነውና አልቃወመውም፤ የወረቀትን ስርቆትና የመንገድን ውጣ ውረድ ይቀንስ ይሆናል። ነገር ግን በወረቀት ላይ አንድ ምልክት ቢበላሽ በሁሉም ተፈታኝ ወረቀት ላይ እኩል ይበላሻል፤ ጥያቄው ይሰረዛል፣ ነጥቡም ለሁሉም ይሰጣል። በመስታወት ላይ ግን ለአንዱ ርቢ ሆኖ የታየው ለሌላው ሃያ አምስት ሆኖ ሊታይ ይችላል። ማንም ሳያውቀው፣ ተፈታኙም ራሱ ሳያውቀው ሁለት የተለያዩ ፈተናዎች ተፈትነው አንድ ውጤት ይለጠፋል ማለት ነው። ፈተናውን የሚያሰናዱ ባለሙያዎች ይህን አስበውበት ይሆናል፤ ካሰቡበት ደግ። ጥያቄው ግን በየዓመቱ፣ በየመፈተኛ ክፍሉ፣ ኮምፒዩተሮቹ ከመከፈታቸው በፊት መጠየቅ ያለበት ነው፤ የዚህ ምልክት መልክ በሁሉም መስታወት ላይ አንድ ነውን?

ባሕረ ሐሳብ ያሰላ ሊቅ ድምሩ 30 ካልመጣለት «ደኅና ነው» ብሎ በዓል አያውጅም፤ ቁጭ ብሎ እንደገና ይቆጥራል። ከእኛም የሚጠበቀው ይኸው ነው፤ ጥያቄውን ከመላካችን በፊት እንደገና መቁጠር።